ኮፍያ የሚወልቅበት ዘፈን

ሰባት ዓመቴ እያለ አባቴ የእግር ኳስ ቡድን አለቃ ይመስለኝ ነበር። የአሜሪካኖቹን እግር ኳስ ማለቴ ነው፤ ኳሱን በእጅ ታቅፈው የሚሮጡትን። ለምን እንደመሰለኝ ብነግራችሁ አትፈርዱብኝም። ኦክላንድ ኮረብታው ላይ ባለው ኮሌጅ ስታዲየም ውስጥ፣ ቡድኑ ወደ ሜዳ የሚወጣበት ዋሻ የመሰለ መተላለፊያ ነበር። መተላለፊያው አፍ ላይ የብረት በር አለ፤ በሩን የሚከፍተው አባቴ ነው። ግዙፍ ግዙፍ ወጣቶች ሄልሜታቸውን አጥልቀው ከበሩ ጀርባ እየተቁነጠነጡ እሱን ይጠብቃሉ። እሱ ካልከፈተ ማንም አይወጣም። ታዲያ አለቃ ካልሆነ ምንድን ነው?

አባቴ ደግነት ከሰኞ እስከ ዓርብ የኤርፖርት ሹትል ይነዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጨዋታ ሲኖር ብቻ፣ ቢጫ ጃኬት ለብሶ እዚያ በር ላይ ይቆማል። በሩን የሚከፍተውም ወገቡ ላይ የተንጠለጠለው ሬዲዮ ክፈት ሲለው ነው። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን አለቃነቱ ዛሬም ከልቤ አልወጣም።

ጃኬቱ ሲሰጡት በጣም ሰፊ ነበር። እናቴ አልባኒ ውስጥ አንድ የልብስ ንፅህና መስጫ ውስጥ ሱሪ ታሳጥር፣ ቀሚስ ታጠብብ ስለነበር፣ ወስዳ በልኩ ሰፋችለት። ቢጫ ክር አልቆባት እጅጌውን በብርቱካን ክር ነው የጨረሰችው። «ማን ያየዋል?» አለችው። እኔ አየው ነበር። በሩን ሊከፍት እጁን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ብርቱካን ክር ነው።

እናቴ በመስከረም ወር፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ አዲስ አበባ ሄደች። አያቴ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበርና ልታስታምማቸው ነው። «ሃሎዊን ሳይደርስ እመጣለሁ» ብላኝ ነበር። ሃሎዊን አለፈ፤ የአያቴ ዳሌ አልዳነም። ቅዳሜ የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ አባቴ ይዞኝ ይሄድ ጀመር። ከመተላለፊያው አጠገብ፣ ከግድግዳው ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጠልኝ። ሱፐርቫይዘሯ ስታልፍ ወደ ሰማይ እያየች ታልፋለች።

ከዚያች ወንበር ላይ ሁሉን ነገር አየሁ። መጀመሪያ የማርሽ ባንዱ በሁለት ረድፍ ይቆማል። ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ሃምሳ ሺህ ሰው ዝም ይላል። ያ ዝምታ ሆዴ ውስጥ ይገባ ነበር። ሬዲዮው ትር ይላል፣ አባቴ በሩን በሁለት እጁ ይስባል፣ ጥሩምባው ይፈነዳል፣ ተጫዋቾቹ ይወጣሉ። ባንዱ የሚነፋው ዜማ ፋይት ሶንግ ነው የሚባለው። እናቴ ስሙን ስትሰማ «የጠብ ዘፈን? ይሄን ያህል ገንዘብ ከፍለው ለጠብ?» ብላ ስቃ ነበር።

ከበሩ በስተቀኝ፣ ከአሮጌ መርከብ የተነቀለ ነው የሚባል ወፍራም ጥቁር ግንድ ቆሟል። እያንዳንዱ ተጫዋች ሲወጣ በመዳፉ ይነካዋል። ሲነካካ ኖሮ መሐሉ እንደ ጠረጴዛ ለስልሷል።

«አባዬ፣ ዋይ ዱ ዘይ ዱ ዛት?» አልኩት አንድ ቀን።

«ተሳልመው ነው የሚወጡት» አለኝ። «ለእነሱ ይሄ ቅዳሴ ነው።»

ስለዚህ ቅዳሴ ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

የምወደው ግን የመጨረሻውን ዘፈን ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ፣ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም፣ ተጫዋቾቹ ባንዱ ፊት ተቃቅፈው ይቆማሉ፣ ሰው ሁሉ ይነሳል፣ ኮፍያ ይወልቃል፤ ከዚያ ቀስ ያለ ዘፈን ይዘፈናል። ሽማግሌዎች ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስሙን የነገረኝ ቡልቻ ነው። ቡልቻ ከአባቴ ጋር በሩ ላይ የሚሠራ፣ በሳምንቱ ቀናት ኮሌጅ የሚማር፣ የነቀምት ልጅ ነው።

«አልማ ማተር ይባላል» አለኝ በጩኸቱ መሐል ጎንበስ ብሎ።

«አልማዝ?»

«አልማ… አዎ። እናት ማለት ነው።»

እናቴ አልማዝ ትባላለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አባቴ አለቃ ነው፤ እናቴ ሩቅ አገር ናት፤ አለቃው ሰውን ሁሉ አስነስቶ፣ ኮፍያ አስወልቆ፣ ለእናቴ ያዘፍናል። ለአባቴ ስነግረው ረጅም ጊዜ ሳቀ። አላረመኝም። እንዲያውም በስልክ ለእሷ ነገራት፤ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ስትደውል «ዛሬስ ዘፈኑልኝ?» ትለኝ ነበር። «የስ፣ ኤቭሪባዲ» እላታለሁ።

በኅዳር ወር አንድ ሐሙስ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ እትዬ ሮማን ቤት ነበርኩ። ሮማነወርቅ፣ ሌክ ሜሪት አጠገብ በምንኖርበት ሕንፃ ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር፣ የእናቴ የልብ ጓደኛ ናት። ስልኳ ጮኸ። «ሃሎ» አለች፤ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ምን ሆንሽ ስላት ሽንኩርት ነው አለችኝ። ኩሽናው ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም።

ዛሬ የማውቀውን ልንገራችሁና እንቀጥል። የደወሉት የእናቴ ወንድም ናቸው። እናቴ ለአያቴ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ፣ መንገድ ስትሻገር መኪና ገጭቷት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ ለባልየው በስልክ አይነገርም። ለጎረቤት ይነገራል፤ ጎረቤት ሰው ይሰበስባል፤ የተሰበሰበው ሰው በማለዳ አንድ ላይ ሄዶ ያረዳል።

አመሻሹ ላይ ጋሽ ዓለሙና ሁለት ሰዎች መጡ። ጋሽ ዓለሙ የደብራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ፣ ያስታርቃሉ፣ ይቀብራሉ። ኩሽና ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። እኔ ምንጣፉ ላይ ተጋድሜ ሥዕል እቀባለሁ።

«ዛሬ ብንነግረውስ ምን ያደርጋል? አይደርስበት» አሉ ጋሽ ዓለሙ። «ነገ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው።»

«ቅዳሜስ?» አለች እትዬ ሮማን።

«ቅዳሜ እሱ ራሱ ሥራ ነው። ቢግ ጌም ነው፣ የዓመቱ ትልቁ ጨዋታ፣ ብሎኛል። እሁድ ጠዋት ይሁን። ሁላችንም ታች ፓርኪንግ ጋ እንገናኝና አንድ ላይ እንግባ። መርዶው እሁድ ጠዋት ነው፤ እስከዚያ ማንም ኮል እንዳያደርግለት።»

«ልጅቷ ትሰማለች እኮ።»

«እሷ ምን ታውቃለች? አማርኛዋ ለስሙ ነው።»

ትልቁ ስህተታቸው ይህ ነበር። በእንግሊዝኛ የምንመልስ ልጆች አማርኛ የማንሰማ ይመስላቸዋል። እኔ ከአንዲት ቃል በቀር ሁሉንም ሰምቻለሁ። ያቺ ቃል መርዶ ናት። እስከዚያን ቀን ማንም ሞቶብን ስለማያውቅ እቤታችን ተጠርታ አታውቅም። ልደት አውቃለሁ፤ ክርስትና አውቃለሁ፤ ሰርግ አውቃለሁ። መርዶም ከእነሱ አንዱ መሆን አለበት። ሰው ይሰበሰባል፣ አንድ ላይ ይገባል፣ እስከዚያ ለአባቴ አይነገርም። የእናቴም ስም ተነስቷል።

በማግስቱ እትዬ ሮማን ከቤተክርስቲያን አዳራሽ ታጣፊ ወንበሮች በመኪናዋ አምጥታ ሳሎኗ ውስጥ ደረደረች። ሃያ አራት ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።

«እትዬ ሮማን፣ ኢዝ ኢት ኤ ሰርፕራይዝ?» አልኳት።

ወንበሩን እንደያዘች ቆመች። «አዎ የኔ ቆንጆ። ሰርፕራይዝ ነው። ለአባትሽ እንዳትነግሪ፣ እሺ?»

«ለእማዬ ነው?»

«ለእማዬ ነው» አለችና እቅፍ አድርጋ ይዛኝ ቀረች። አንገቴ ረጠበ። ደስታ እንደሚያስለቅስ በቴሌቪዥን አይቼ ስለነበር አልደነቀኝም።

ያን ቀን ማታ አባቴ የስልክ ካርዱን ፍቆ ሦስት ጊዜ ደወለ። አልተነሳም። እትዬ ሮማን ከደረጃው ላይ ሆና «ኔትወርክ ነው፤ አገሩ ሁሉ ጠፍቷል አሉ» አለችው። እኔ ትራሴን ነክሼ ሳቅሁ። የማታነሳው አውሮፕላን ውስጥ ስለሆነች ነዋ!

ቅዳሜ ጠዋት ልንወጣ ስንል እትዬ ሮማን በሩ ላይ ቆማ «ልጅቷን ተዋት፤ እኔ ጋ ትዋል» ብላ ለመነችው። «ሥራ የለሽም እንዴ?» አላት። «ኦፍ ወስጃለሁ።» ትክ ብሎ አያት። እኔ ግን እግሩ ላይ ተጠምጥሜ እምቢ አልኩ። ቢግ ጌም ነው፤ ደግሞም የእናቴን የመጨረሻ ዘፈን መስማት አለብኝ፤ ከነገ ወዲያ እዚሁ ስላለች አይዘፈንላትም ብዬ አስቤያለሁ።

ያን ቀን በሩን ሲከፍት እጁ ዘገየ። ሬዲዮው ሁለት ጊዜ ጠራው። ቡልቻ ምን ሆነሃል ቢለው «ሁለት ቀን ስልክ አታነሳም» አለው፤ ሰማሁት። ጨዋታው እስኪያልቅ ሚስጥሬን በጥርሴ ይዤ ወንበሬ ላይ ተወዛወዝኩ።

ቡድኑ ተሸነፈ። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንድ ሲቀረው ነው የተሸነፈው፤ በኋላ የሰማሁት ነው፣ እኔ ያየሁት ስታዲየሙ ሙሉ ሰው ፊቱን ሲይዝ ነው። ከኋላዬ ያሉ አንድ ሽበታም ሰውዬ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ተጫዋቾቹ እየተጎተቱ ባንዱ ፊት ሄደው ተቃቀፉ። ሰው ተነሳ። ኮፍያ ወለቀ። የእናቴ ዘፈን ተጀመረ።

አባቴን ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ቡድኑ ስለተሸነፈበት ነው አልኩ። አለቃ ሆኖ ሃምሳ ሺህ ሰው ፊት መሸነፍ ቀላል ነገር አይደለም። አንጀቴን በላው። ወንበሬ ላይ ቆምኩና የጃኬቱን እጅጌ፣ ያንን ብርቱካን ክር ያለበትን፣ ሳብኩት።

«አባዬ፣ አይዞህ» አልኩት በአማርኛ። «ነገ ጠዋት መርዶ አለን።»

ጎንበስ አለ። «ምን አልሽ?»

ዘፈኑ ጮኾ ስለነበር ያልሰማኝ መሰለኝ። ጆሮው ላይ አፌን ገጥሜ ደገምኩለት። «መርዶ። ለእማዬ። ሰርፕራይዝ ነው። እትዬ ሮማን ወንበር አምጥታለች፣ ትዌንቲ ፎር። ጋሽ ዓለሙም ይመጣሉ፣ ሁሉም ይመጣሉ።»

ዓይኑ እኔ ላይ ነበር፤ ግን የሚያየኝ አይመስልም። ያኔ ደነገጥኩ፤ ሚስጥሩን ማውጣቴ ትዝ አለኝ።

«እንዳልነገርኩህ ሁን፣ ኦኬ? ዶንት ቴል ዘም። ፕሮሚስ?»

ትምህርት ቤት ቃል ስንገባባ እንደምናደርገው ትንሿን ጣቴን ዘረጋሁለት። ለጣቴ ጣቱን እስኪሰጠኝ ብዙ ቆየ።

«ፕሮሚስ» አለኝ።

ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። ለዘፈኑ ነው ብዬ እኔም ኮፍያዬን አወለቅሁ፤ ጎን ለጎን ቆመን እስከ መጨረሻው ሰማን።

ሬዲዮው ትር አለ። አባቴ ሄዶ በሩን ከፈተ። ተጫዋቾቹ እያለቀሱ፣ ግንዱን በመዳፋቸው እየነኩ፣ አንድ በአንድ ገቡ። የመጨረሻው ሲገባ በሩን ዘጋ፣ ቆለፈ፣ ቁልፉን ለቡልቻ ሰጠው። ከዚያ ወደ ግንዱ ሄዶ ሁለት መዳፉን አሳረፈበት፤ ግንባሩንም አስጠጋ፤ እንደ ቤተክርስቲያን ደጃፍ። ሲሳለም ዓይቼው ስለማውቅ ምንም አልመሰለኝም። ብቻ በጣም ቆየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቡልቻ እጄን ይዞ «ነይ ትልቁን ከበሮ ላሳይሽ» አለኝ። ከበሮውን እንድመታም ፈቀዱልኝ። ስንመለስ አባቴ ፊቱን ታጥቦ ነበር።

«ኔክስት ይር» አልኩት ላጽናናው። «ኔክስት ይር ያሸንፋሉ።»

ወደ ቤት ስንመለስ በጣም ቀስ ብሎ ነዳ። ሐይቁ አጠገብ አቁሞ አይስክሬም ገዛልኝ፤ በኅዳር ብርድ። እየበላሁ ፋይት ሶንጉን ዘፈንኩለት። ሲያልቅ «እስቲ ድገሚው» አለኝ። አራት ጊዜ አስደገመኝ። አሁን ሳስበው፣ ዝም ብል ቀጥዬ ስለ እናቴ እንደማወራ አውቆ ነው። ያን ቀን ሊነግረኝ ይችል ነበር። አልነገረኝም። አንዲት ሌሊት ጨምሮ እናት ያላት ልጅ ሆኜ እንዳድር ተወኝ፤ እሱ ግን ያቺን ሌሊት ብቻውን አደረ። እኔ በሰላም ተኝቻለሁ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እሁድ ማለዳ ስነሳ አባቴ ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሶፋው ላይ አንሶላ የለም፤ አልጋውም እንደተነጠፈ ነው። ምንም አልጠየቅሁም፤ በሩን እኔ ልክፈት ብዬ ብቻ ለመንኩት። ገና ከሐሙስ ጀምሮ አስቤበታለሁ፤ እነሱ ከታች ተሰልፈው ይወጣሉ፣ በሩ ሲንኳኳ እኔ እንደ አባቴ በሁለት እጄ እስባለሁ፣ እናቴ ከመሐላቸው ትወጣለች። አባቴ ብዙ አየኝ። አልከለከለኝም። ዛሬ እኔም እናት ነኝ፤ በዚያች ደቂቃ ምን ማድረግ ይችል እንደነበር እኔም አላውቅም።

ተንኳኳ። በሩን ሳብኩና በሙሉ ድምፄ ፋይት ሶንጉን ዘፈንኩ።

ጋሽ ዓለሙ ከፊት ነበሩ። ደንግጠው ቆሙ። ከኋላቸው ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው በጎኔ እያለፉ ገቡ። እኔ እየዘፈንኩ የእያንዳንዱን ፊት አያለሁ። እትዬ ሮማን ገባች። የማላውቃቸው ገቡ። ቡልቻም ገባ። ኮሪደሩ ባዶ ሆነ። ከኋላዬ ጋሽ ዓለሙ «ደግነት ልጄ» ብለው ሲጀምሩ ሰማሁ፤ የሴቶቹ ድምፅ ቤቱን ሞላው። እኔ በሩን አልዘጋሁም። አንድ ሰው ቀርቶ ነበር። በሩን በሁለት እጄ እንደያዝኩ፣ አባቴ መጥቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ እስኪያላቅቅ ድረስ ጠበቅኋት።

ቃሏን በደንብ ያወቅኋት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ሳን ሆዜ አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ አንዲት ሴትዮ ለሌላዋ «መርዶውን ማን ነገራት?» ስትል ሰማሁ፤ ሌላዋም የሞቱን ወሬ ማን አምጥቶ እንደነገራት ቀስ ብላ አስረዳቻት። ወጥቼ መኪናችን ጎማ ሥር አስመለስኩ። አባቴ የበላሽው ነገር ነው አለኝ። አልጠየቅሁትም። እትዬ ሮማን እስከ ዛሬ «አባትሽ መርዶውን ሲሰማ እንዴት አድርጎ ቻለው? እግዜር ነው ያበረታው» ትላለች። እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

ባለፈው ኅዳር ትኬት ገዝቼ ወሰድኩት። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ሥራውን ከተወ ቆይቷል፤ ቢጫ ጃኬቱን ግን አልመለሰላቸውም። ከመተላለፊያው ትይዩ ተቀመጥን። በሩን አሁን አንዲት ወጣት ልጅ ነው የምትከፍተው። «ቸኮለች» ይላል። «ጥሩምባውን መጠበቅ አለባት።»

ቡድኑ አሸነፈ። ተጫዋቾቹ ተቃቀፉ፤ ሰው ተነሳ፤ ኮፍያ ወለቀ። አባቴ ክንዴን ተደግፎ ቆመ። ዘፈኑ ሲጀመር ሃያ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ያን ቀን የነገርኩህ እኔ ነኝ አይደል?»

«ምኑን?» አለኝ ሜዳውን እያየ።

«መርዶውን።»

ኮፍያውን ደረቱ ላይ አስጠጋ።  

«ጋሽ ዓለሙ ናቸው የነገሩኝ» አለ። «እሁድ ጠዋት።»

«አባዬ…»

ፈልጎ ፈልጎ ትንሿን ጣቴን ያዛት።

«አንቺ በሩን ብቻ ነው የከፈትሽው» አለኝ።